የመጀመሪያ ሾትጋን ስለመግዛት፦ ኢንቦክስ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ

የልጄን የተኩስ ውድድር ፎቶ ከለጠፍኩ ወዲህ ኢንቦክሴ ሞልቷል። ግማሹ «እንኳን ደስ አላችሁ» ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ። ሌላው የድሮ ተማሪዎቼ ቀልድ ነው። «ቲቸር፣ መቼ ነው የሸፈቱት?» ያለኝ አለ። ደብረ ማርቆስ ፊዚክስ ሳስተምረው ከኋላ ወንበር የማይነሳ ልጅ ነበር፤ አሁንም ያው ነው። ከቀልዱ መሀል ግን ወደ አሥር የምትሆኑ፣ አብዛኞቻችሁ እዚህ አሜሪካ ልጅ የምታሳድጉ፣ አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠይቃችሁኛል፦ «ልጄ የትምህርት ቤቱ ቡድን ውስጥ ልግባ ብሏል፤ እኔም አደን መሞከር እፈልጋለሁ፤ ለሁለቱም የሚሆን አንድ ጠመንጃ የቱ ነው?» ለእያንዳንዳችሁ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው። ይረዝማል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ለማታውቁት ትንሽ ልበል። እኛ ባለንበት በሚኔሶታ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች እንደ እግር ኳስ በቡድን ሆነው ክሌይ ይተኩሳሉ። ሊጉ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው፤ ዛሬ ሴቱም ወንዱም በአንድ ቡድን ይሰለፋል። ዒላማው 108 ሚሊሜትር ስፋት ያለው፣ የሻይ ማስቀመጫ የሚመስል ሰሐን ነው። ስሙ ሸክላ ይሁን እንጂ ሸክላ አይደለም፤ የኖራ ድንጋይ ዱቄትና ሬንጅ መሰል ነገር ተቀላቅሎ የሚሠራ ነው። ትራፕ በሚባለው ጨዋታ ማሽን ከፊታችሁ ያስወነጭፈዋል፤ ወዴት እንደሚሄድ አታውቁም፤ ወደ 65 ኪሎ ሜትር በሰዓት ፍጥነት እየራቀ ይሄዳል። ከአምስት ቦታ አምስት አምስት ጊዜ ትተኩሳላችሁ፤ 25 ይሞላል፤ ያ አንድ ዙር ነው።

እኛ አገር የምናውቃቸው ምንሽርና ውጅግራ አንድ ጥይት የሚተፉ ናቸው። ሾትጋን ሌላ ፍጥረት ነው። ቀለሁ ውስጥ የጤፍ ባይሆንም የማሽላ ፍሬ የሚያካክሉ ጥቃቅን የእርሳስ ፍሬዎች አሉ፤ በአንድ የተለመደ የክሌይ ቀለህ ውስጥ አራት መቶ ገደማ ይሆናሉ። ሲተኮስ እየተበተኑ ይሄዳሉ። አልማችሁ ቀጥ ብላችሁ አትቆሙም፤ የሚሮጠውን ነገር ተከትላችሁ፣ ቀድማችሁት፣ ሳትቆሙ ነው ምላጩን የምትስቡት። ተማሪዎቼ ካላችሁ አስሉት፦ ፍሬው 30 ሜትር ለመድረስ አንድ አሥረኛ ሴኮንድ ያህል ይፈልጋል፤ በሴኮንድ 18 ሜትር የሚሄድ ሰሐን ከፊታችሁ አግድም ቢያልፍ በዚያች ቅጽበት 1.8 ሜትር ይሸሻል። ስለዚህ የምትተኩሱት ሰሐኑ ላይ ሳይሆን ሰሐኑ ሊደርስበት ያለው ባዶ አየር ላይ ነው።

ይህን ያነሳሁት ያለምክንያት አይደለም። አልሞ ለመምታት ጊዜ ስለሌለ ጠመንጃው ትከሻ ላይ ሲያርፍ በራሱ ዓይን ወደሚያይበት መጠቆም አለበት። ዓይናችሁ የኋለኛው ማነጣጠሪያ ነው። ጠመንጃው ሲረዝም፣ ሲያጥር ወይም ሲጎነብስ ዓይናችሁ ከቦታው ይወጣል። እንደ ጫማ ነው፤ የታላቅ ወንድምህን ጫማ አድርገህ ሩጫ የለም። ሱቅ ገብታችሁ «ጥሩ የሚባለው የቱ ነው?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ሻጩ የሚያሳያችሁ ለአንድ ሜትር ከሰማንያ ወንድ የተሠራ ነው። የተለመደው ርዝመት ከሰደፉ ጫፍ እስከ ምላጩ 36 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። የኔዋ የ14 ዓመት ልጅ የሚያስፈልጋት 33 ነበር። ሦስት ሴንቲሜትር ትንሽ ይመስላል፤ ስታነሳው ብብቷ ላይ ይጠመዳል፣ ለማካካስ ወደ ኋላ ትለጠጣለች፣ ሲተኮስ ደግሞ ጉንጯን ይመታታል። ብዙ ልጅ ይህን ስፖርት የሚተወው እዚህ ጋ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ሁላችሁም የጠየቃችሁት «12 ጌጅ ወይስ 20?» ነው። ቁጥሩ ሲያንስ አፈሙዙ ይሰፋል፤ ግራ አይግባችሁ። 12 ማለት በአፈሙዙ ልክ የተድቦለቦሉ 12 የእርሳስ ኳሶች አንድ ፓውንድ ይመዝናሉ ማለት ነው፤ 20 ከሆነ 20 ኳስ። በሚሊሜትር 12ቱ 18.5፣ 20ው 15.6 ገደማ ነው። «ለልጅ 20፣ ለአዋቂ 12» የሚለውን ምክር ከሁሉም ሰው ትሰማላችሁ። እኔ አልተቀበልኩትም፤ ምክንያቴም ሞመንተም ነው። (ዘጠነኛ ክፍል ሲንተባተብ የነበረ ሁሉ አሁን ያዳምጥ!)

ጠመንጃ የሚራገጠው ፍሬው ወደ ፊት በሄደበት ሞመንተም ልክ ነው፤ የባሩዱን ጋዝ ለጊዜው እንተወው። የ20 ጌጅ የአደን ጠመንጃ ቀላል ነው፤ 2.7 ኪሎ እንበል፤ 25 ግራም ፍሬ በሴኮንድ 365 ሜትር ሲያስወጣ በ15 ጁል ገደማ ይመታችኋል። 3.6 ኪሎ የሚመዝን 12 ጌጅ ደግሞ 24 ግራም የሆነውን ቀላል ቀለህ በዚያው ፍጥነት ሲተኩስ 11 ጁል አይሞላም። ያ «የአዋቂ» የተባለው ጠመንጃ ልጅቱን በሁለት ሦስተኛው ጉልበት ነው የሚመታት። ደግሞ ልብ በሉ፤ በዚያው ጠመንጃ ከ32 ግራም ወደ 24 ስትወርዱ የርግጫው ጉልበት በአንድ አራተኛ አይደለም የሚቀንሰው፤ ከግማሽ ትንሽ ነው የሚበልጠው የሚቀረው፣ በካሬ ነውና። 12 ጌጅ ከ24 እስከ 32 ግራምና ከዚያም በላይ እንደፈለጋችሁ ይመረጥለታል፤ ቀለሁም በየሱቁ ይገኛል። ልጁ ክብደቱን መሸከም ካልቻለ ግን 20 ይሁን፤ ክርክር የለም፤ በክንዱ የደከመ ልጅ ጠመንጃውን ከወገቡ ነው የሚያነሳው።

አንድ ነገር ብቻ፤ ቤታችሁ ሁለቱም ካሉ ቀለሁ ፈጽሞ በአንድ ቦርሳ አይግባ። የ20 ቀለህ 12 አፈሙዝ ውስጥ ይንሸራተትና መሀል ላይ ይቀረቀራል፤ ከኋላው 12 ጨምሮ የተኮሰ ሰው አፈሙዙ እጁ ላይ ይፈነዳል። የ20 ቀለህ ቢጫ የሚደረገው ለዚህ ነው።

የሚቀጥለው ጥያቄ የአሠራሩ ዓይነት ነው። ፓምፕ የሚባለው በእጃችሁ ወደ ኋላና ወደ ፊት እየገፋችሁ የምታጎርሱት ነው፤ ሬሚንግተን 870 ከ1950 ጀምሮ፣ ሞስበርግ 500 ከስድሳዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በየገበሬው ቤት አለ። እኔ ስገዛ ባየሁት ዋጋ አዲሱ ከ300 እስከ 500 ዶላር ነበር። ለአደን ወንድ ነው። ለክሌይ ግን በቀን መቶ ጊዜ እየገፉ መተኮስ፣ ርግጫውንም ሙሉ በሙሉ በትከሻ መቀበል አለ። ሰሚ አውቶማቲክ፣ በተለይ በጋዝ የሚሠራው፣ ርግጫውን ያለሳልሰዋል፤ ለብዙዎቻችሁ ልጆች ትክክለኛው መልስ ይህ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው ሁለት አፈሙዝ አንዱ በሌላው ላይ ተደራርቦ መሀል ላይ የሚሰበረው ኦቨር አንደር ነው። ውድ ነው። ደህናው አዲስ ከሆነ 1,500 ዶላርና ከዚያ በላይ፤ የትየለሌም አለ።

ዋጋውን ብቻ ብናይ እኛ ቤት ጋዙ ነበር የሚገባው። ሁለት ነገር አስቀየረን።

አንደኛው የልጄ ዓይን ነው። አሠልጣኟ መጀመሪያ ቀን ያደረገው ነገር፦ ሁለት ዓይኗን ገልጣ አውራ ጣቷን ዘርግታ ራቅ ያለ የመብራት እንጨት እንድትሸፍን አደረጋት፤ ከዚያ «ቀኝ ዓይንሽን ጨፍኚ» አላት። ጣቷ ከእንጨቱ ላይ አልተነቃነቀም። አለቃው ዓይን የግራው ነው ማለት ነው። ልጄ የምትጽፈውም የምትበላውም በቀኝ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በቀኝ ትከሻው ከተኮሰ፣ ሁለት ዓይን ተገልጦ ስለሚተኮስ፣ የግራው ዓይን እየጎተተ ያስተዋል። ወይ መነጽሩ ላይ ፕላስተር ይለጠፋል፣ ወይ በግራ ትከሻ ይለመዳል። ገና ጀማሪ ስለሆነች በግራ ትጀምር ተባለ። ይህ ምርመራ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ እባካችሁ ከመግዛታችሁ በፊት አድርጉት። ምክንያቱም አብዛኛው ሰሚ አውቶማቲክ የተተኮሰውን ቀለህ የሚያስፈነጥረው ወደ ቀኝ ነው፤ በግራ ለሚተኩስ ሰው ያ ማለት በፊቱ ላይ አሳልፎ ነው። ለግራኝ የተሠራ ሰሚ አውቶማቲክ አለ፤ በሷ ልክ ያገለገለ ማግኘት ግን መርፌ ፍለጋ ነው። ኦቨር አንደር ግን ሲከፈት ቀለሁን ወደ ኋላ ነው የሚያወጣው፤ ግራ ቀኝ አይልም።

ሁለተኛው ባለቤቴ ናት። ፈቅዳልኝ ነው የምጽፈው።

ስምንት ወር ፈጀብን። እሷ ያደገችው ገጠር ነው፤ አባቷ እንደ አካባቢው ገበሬ ሁሉ ከምሰሶው ላይ የሚሰቅሉት ጠመንጃ ነበራቸው። ታላቅ ወንድሟ 16 ዓመቱ ነበር። ለዓመት በዓል ሊወለውለው ሲያወርደው «ተጠንቀቅ» ያለችው እናት ናት፤ «ባዶ ነው፣ ተዪው» ያሉት አባት ናቸው። እሷ ያን ጊዜ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ደጅ ላይ ቄጤማ እያመጣች ነበር። ጠመንጃው በኋላ ተሸጠ፤ አባቷ ግን የልጁን ስም እስኪሞቱ ድረስ አንስተው አያውቁም።

እና ልጃችን ከትምህርት ቤት ወረቀት ይዛ ስትመጣ እናቷ የተናገረችው ይህን ነው፦ «ስፖርቷን አልከለክልም። እኔ ቤት ግን 'ባዶ ነው' የሚባል ነገር አይገባም።» እኔ ጎጃሜ ነኝ፤ ሠርግ ላይ ሲተኮስ እየሰማሁ ነው ያደግኩት፤ ጠመንጃ ቤት ውስጥ መኖሩ አይከብደኝም። እንዲያውም ትንሽ ኩራት አለበት፤ አልክድም። የሷን ቃል ግን በስታቲስቲክስ የምመልሰው አልነበረም። ዝም ብዬ ክለቡን እንድታየው ለመንኳት። ሦስት ጊዜ እምቢ አለች፤ በአራተኛው መኪና ውስጥ እቀመጣለሁ ብላ መጣች።

ከመኪናው መስኮት ያየችው ሰዎች ጠመንጃቸውን መሀሉ ላይ ሰብረው ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለው ሲሄዱ ነው። ወጣች። «ለምን እንደዚህ ይይዙታል?» አለችኝ። ከተሰበረ ሊተኮስ አይችልም፤ ቀለህ ካለ ከሩቅ ይታያል፤ ከሌለ በአፈሙዙ ውስጥ ብርሃን ይታያል አልኳት። አንድ አዛውንት ፈቅደውላት በሁለቱም አፈሙዝ በኩል ሰማዩን አየች። ብዙ ቆየች። ከዚያ «ይሄኛው ዓይነት ከሆነ እናውራ» አለች። ሰሚ አውቶማቲክም ተከፍቶ፣ ባዶነቱን የሚያሳይ ቀይ ፕላስቲክ ጉሮሮው ውስጥ ተሰክቶ ነው የሚያዘው፤ በአግባቡ ከተያዘ ደህና ነው። ለሷ ግን ማንም «ባዶ ነው» ብሎ እንዲነግራት አትፈልግም፤ ራሷ ማየት ነው የፈለገችው። ይህን ደግሞ የሚመልስ አንድ አሠራር ብቻ ነበር።

የገዛነው ያገለገለ ብራውኒንግ ሲቶሪ ነው፤ 12 ጌጅ፣ አፈሙዙ 28 ኢንች፣ 3.6 ኪሎ፤ 1,250 ዶላር። (ሲቶሪ ከ1973 ጀምሮ ጃፓን ውስጥ ሚሮኩ የሚባለው ፋብሪካ ነው የሚሠራው፤ አሜሪካዊ ስም ይዞ።) ሰደፉን ጠመንጃ ሠሪ ዘንድ ወስደን አስቆረጥነው። የተቆረጠችውን እንጨት አትጣሉ፤ በመሀሉ ማስረዘሚያ እየተጨመረ ልጅቱ ስታድግ ትመለሳለች። ብረት ሎከር ደግሞ ከጠመንጃው ሁለት ሳምንት ቀድሞ ነው ቤት የገባው፤ ይህ የባለቤቴ ትእዛዝ ነው። የሎከሩ ቁልፍ እሷ ጋ ነው። ቀለሁ ጋራዥ ውስጥ ሌላ ቁልፍ አለው፤ እሱ እኔ ጋ ነው። ሁለታችንም ካልተስማማን አይወጣም። እዚህ ግዛት ልጅ ሊደርስበት በሚችል ቦታ የጎረሰ መሣሪያ መተው በራሱ ወንጀል ነው፤ ግን ሕጉ ባይኖርም የኛው ሕግ ያው ነበር።

«አደኑስ?» ላላችሁኝ። አሁን ነው እውነተኛው ችግር። ክሌይና አደን የሚፈልጉት ጠመንጃ ተቃራኒ ነው። ክሌይ ላይ ቆማችሁ መቶ ጊዜ ትተኩሳላችሁ፤ ክብደት ወዳጃችሁ ነው፣ ርግጫውን ይውጣል፣ ሲወዛወዝም አይንቀጠቀጥም። አደን ላይ ሰባት ሰዓት ሙሉ ረጅም ሣር ውስጥ ተጉዛችሁ ሦስት ጊዜ ትተኩሱ ይሆናል፤ እያንዳንዱ ግራም ጠላት ነው። ሁለቱንም በእኩል የሚያስደስት የለም። የኔ አቋም፦ ለክሌዩ የሚመቸውን ግዙና እሱን ይዛችሁ አደን ውጡ፤ ክንዳችሁ ይዝላል እንጂ ወፉን ትመታላችሁ። ለእግር ጉዞ የተሠራውን ላባ የመሰለ ጠመንጃ ይዞ ክሌይ የጀመረ ሰው ግን በሁለተኛው ዙር ከመተኮሱ በፊት ዓይኑን መጨፈን ይለምዳል፤ ያ ልማድ ደግሞ አይለቅም። ወደ ሌላኛው ጽንፍም አትሂዱ፤ ለትራፕ ብቻ የተሠራው፣ ጀርባው ከፍ ያለው ጠመንጃ የሚነሳ ሰሐን ለመምታት ሆን ተብሎ ወደ ላይ ነው የሚተኩሰው፤ ከሣር ውስጥ የምትበር ወፍ ላይ ያስቸግራል።

ሁለቱን የሚያስታርቀው ቾክ ነው። አፈሙዙ ጫፍ ላይ የምትጠመዘዝ ትንሽ ቀለበት ናት፤ ጠባቧ ፍሬውን ሰብሰብ አድርጋ ትልካለች፣ ሰፊዋ ቶሎ ትበትነዋለች። ፉል የሚባለው በ40 ያርድ ርቀት 30 ኢንች ክብ ውስጥ ከፍሬው 70 በመቶውን ያስገባል፣ ሞዲፋይድ 60፣ ኢምፕሩቭድ ሲሊንደር 50። ለትራፕ ሞዲፋይድ ወይም ጠበብ ያለውን፣ ውሻ ከፊታችሁ ለምታስነሳው ወፍ ኢምፕሩቭድ ሲሊንደር። የምትገዙት ጠመንጃ ቾኩ የማይፈታ ከሆነ እለፉት። የድሮ የሚያምር ጎን ለጎን ሁለት አፈሙዝ በርካሽ ካያችሁም ጠመንጃ ሠሪ ሳያየው አትግዙ፤ ቀለህ ማስገቢያው ለዛሬው ቀለህ አጭር ሊሆን ይችላል። ዳክዬ ለማደን ደግሞ ከ1991 ጀምሮ በመላው አሜሪካ የእርሳስ ፍሬ ክልክል ነው፤ ብረትን የመሰለ ነው የሚተኮሰው፤ አሮጌ አፈሙዝ ያንን አይችልም። እኛ ቤት ዳክዬ ስለማይበላ ይህ አላሳሰበኝም።

ፌዛንት ግን ይበላል። ለማታውቁት የቆቅና የጅግራ ዘመድ ነው፤ ጅራቱ ረጅም፣ አውራው አንገቱ የሚያብረቀርቅ። እዚህ የሚታደነው አውራው ብቻ ነው፤ ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ሮዝ ልብስ ከወገብ በላይ ግድ ነው። የሥራ ባልደረባዬ ከነውሻው ይዞኝ ይወጣል። የኛ ችግር መቼም ገብቷችኋል፤ ቤታችን ያልታረደ አይበላም። ስለዚህ ቢላዋ ይዤ ነው የምሄደው። ውሻው ነፍስ ያለውን ካመጣ እዚያው በስመ አብ ብዬ አርዳለሁ፤ ሞቶ ከመጣ ለባልደረባዬ ነው። እስካሁን የሱ ፍሪጅ ነው የሚሞላው። ባለፈው ኅዳር ጾም ከመግባቱ በፊት አንዱ ለኛ ደረሰ፤ ባለቤቴ እንደ ዶሮ ወጥ ሠራችው፤ ከቄብ ዶሮ ጠንከር ይላል፣ ቀይ ሽንኩርቱ ብዙ ጊዜ ይፈልጋል። ስትበሉ ቀስ ብላችሁ አላምጡ፤ የቀረች ፍሬ ጥርስ ትሰብራለች።

ወረቀቱን በአጭሩ። ሚኔሶታ ውስጥ ከ1979 ማብቂያ በኋላ የተወለደ አዳኝ የመሣሪያ ደኅንነት ኮርስ ግድ ነው፤ ልጆች ከ11 ዓመት ጀምሮ ይማሩታል። እኔ ከዚያ በፊት ብወለድም ከልጄ ጋር ተቀምጬ ተማርኩ፤ ፈተናውን እሷ በለጠችኝ። ሱቅ ስትገዙ የፌዴራል ፎርም ሞልታችሁ ትጣራላችሁ። ግሪን ካርድ ያለው መግዛት ይችላል። በጊዜያዊ ቪዛ ያላችሁ በመሠረቱ ክልክል ነው፤ የአደን ፈቃድ ያለው ለብቻው የሚታይበት አንቀጽ አለ። የጥገኝነት ጉዳያችሁ ያላለቀ ግን በኔ ጽሑፍ እንዳትሄዱ፤ ጠበቃችሁን ጠይቁ፤ ለሰሐን ብሎ ወረቀት የሚያበላሽ የለም።

ዋጋው ከጠመንጃው ጋር አያልቅም፤ 25 ቀለህ የያዘ ሳጥን አሥር ዶላር ገደማ ነው፣ መነጽርና የጆሮ መከላከያ አለ። ጆሮው ላይ አትሰስቱ፤ የአንድ ቀን ተኩስ የዕድሜ ልክ ጩኸት ጆሮ ውስጥ ይተዋል።

ከመግዛታችሁ በፊት ልጁ የሰው ጠመንጃ ይሞክር። ክለቦች ውስጥ ሰው ያበድራል፤ ይህን ነገር እዚህ አገር ወድጄዋለሁ። መንታ ከተሞቹ አካባቢ ያላችሁ ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ሰዓቱንና ቦታውን በኢንቦክስ እልክላችኋለሁ። ትርፍ የጆሮ መከላከያ አለን፤ ቡናውን ባለቤቴ በፔርሙስ ይዛ ትመጣለች፤ አሁን ከመኪናው ወጥታ ነው የምትቀመጠው።